«አትንኩ» ከማለት «ነክታችሁ እዩ» ማለት
(ስለ ሥነ ጥበብ፣ ስለ ቴክኒክና ስለ ትምህርት ቤት ግቢ የቀረበ ጥናት)

መግቢያ

የማስተማሪያ መርጃ መሣሪያ ምንድን ነው? ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን ወዲያው ካርታ፣ ቻርት፣ ሉል፣ የሰው አካል ሥዕል እያልን እንዘረዝራለን። ዝርዝሩ ትክክል ነው። ነገር ግን እነዚህ ዕቃዎች በብዙ ትምህርት ቤት የት ነው የሚገኙት? ብለን ብናስከትል መልሱ ደስ አያሰኝም። ካርታው ከተማሪው እጅ በላይ ተሰቅሏል። ሉሉ የትምህርት ማበልፀጊያ ማዕከል በሚባለው ክፍል ተቀምጦ ክፍሉ ተቆልፏል። ጎብኚ ሲመጣ ይከፈታል፤ አቧራው ይራገፋል፤ ጎብኚው ሲሄድ ይዘጋል። ተማሪውስ? ተማሪው «አትንካ» የምትለዋን ቃል ተምሮ ይወጣል።

ይህ ቀላል ነገር መስሎ ሊታየን አይገባም። «አትንካ» እየተባለ ያደገ ልጅ ዕውቀት የሌላ ሰው ንብረት ነው ብሎ ያምናል። እኛ ደግሞ ነገ ተመርቀን የምንመደበው ቤተ ሙከራ ወደሌላቸው፣ አንዱ ክፍል ስልሳ ተማሪ ወደሚይዝባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ነው። ታዲያ ምን ይዘን እንሂድ? በዚህ ጽሑፍ ሠዓሊዎችና መሐንዲሶች ተባብረው በአደባባይ ከሚተክሏቸው ሥራዎች ምን ልንማር እንደምንችል እንመለከታለን። በመጨረሻም ጉንደ ወይን ላይ ያለ ብዙ ወጪ ሊሠራ የሚችል አንድ ሥራ ከነአሠራሩ እናቀርባለን።

1. መልስ የሚሰጥ ሥራ ማለት ምን ማለት ነው?

ለማየት ብቻ የተሠራ ሥራ አለ፤ ሰው ሲነካው፣ ሲገባበት ወይም ሲያንቀሳቅሰው መልስ የሚሰጥ ሥራም አለ። ልዩነቱን በምሳሌ እንየው።

በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ይገኛል። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሦስት ክፍል ተከፍሎ ያለፈውን፣ የአሁኑንና የወደፊቱን አፍሪካ ያሳያል። ይህ ሥዕልና የመስታወት ቴክኒክ የተጋቡበት ታላቅ ሥራ ነው። ብርሃን ከኋላው ሲገባ ቀለሙ ሕይወት ያገኛል፤ የቀኑ ብርሃን ሲለወጥ መልኩም ይለወጣል። የተመልካቹ ድርሻ ግን ቆሞ ማየት ነው።

አሁን ደግሞ በአንዳንድ ጥንታዊ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት የሚገኘውን የድንጋይ ደወል እናስብ። ረዘም ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ በገመድ ተንጠልጥሏል። ካልተመታ ድንጋይ ነው። ሲመታ ግን ይጮኻል፣ ሰው ይሰበስባል። የትኛው ድንጋይ እንደሚጮኽና የትኛው ዝም እንደሚል፣ ከየት በኩል ቢታሰር ድምፁ እንደማይታፈን አባቶቻችን እየመቱና እየሰሙ ለይተውታል። ስለዚህ መልስ የሚሰጥ ሥራ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር ነው ብለን አንጀምር።

በውጭው ዓለም ይህ ሐሳብ ራሱን ችሎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1966 ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ 10 የጥበብ ሰዎችና 30 ያህል መሐንዲሶች ተባብረው ዘጠኝ ምሽት የፈጀ ትርኢት አሳዩ። የመሐንዲሶቹ አስተባባሪ ቢሊ ክሉቨር፣ ከሠዓሊዎቹ መካከል ደግሞ ሮበርት ራውሸንበርግ ይገኙበታል። ራውሸንበርግ ያቀረበው ሥራ የቴኒስ ጨዋታ ነበር። በመምቻዎቹ እጀታ ውስጥ ድምፅ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ተቀብሯል። ተጫዋቹ ኳሷን በመታ ቁጥር አዳራሹ በትልቅ ድምፅ ይደወላል፤ ከ36ቱ መብራቶችም አንዱ ይጠፋል። ጨዋታው እየቀጠለ ሲሄድ አዳራሹ ይጨልማል። ልብ እንበል! ጨለማውን ያመጣው የተጫዋቹ እጅ ነው። ምክንያትና ውጤት በዓይን ታዩ፣ በጆሮ ተሰሙ ማለት ነው። መምህር ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል?

2. ከአገራችን ሁለት ምሳሌዎች

ሀ/ ዞማ ሙዚየም። አዲስ አበባ መካኒሳ አካባቢ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ሙዚየም የሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ሰብእ ባለሙያዋ የመስከረም አሰግድ የጋራ ሥራ ነው። ስሙን ያገኘው በወጣትነቷ በካንሰር ከሞተችው ሠዓሊ ከዞማ ሽፈራው ነው። መሬቱ ቀድሞ በቆሻሻ የተበከለ ነበር። እነርሱ ግን አጽድተው፣ አትክልት ተክለው፣ ግድግዳውን በጭቃና በጭድ አቆሙት። ጭቃና ጭድ! እኛ በየቤታችን የምናውቀው ምርጊት ማለት ነው። ልዩነቱ ግድግዳው ገና ሳይደርቅ በእጅ እየተቀረጸ ከዳር እስከ ዳር ጌጥ መሆኑ ላይ ነው። በግቢው ውስጥ ትምህርት ቤትም አለ፤ ሕፃናቱ በጥበብ ሥራ መካከል ይመላለሳሉ፣ አትክልትና ከብት ያያሉ።

ኤልያስ ስሜ በሌላም ሥራው በዓለም ታውቋል። ከመርካቶ፣ በተለይም አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ከምናለሽ ተራ፣ ሰው የጣለውን የሬዲዮና የኮምፒዩተር ውስጠ አካል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የፊደል መምቻ ቁልፍ እየገዛ ይሰበስባል። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉነዋል፤ ከእንጨት ሰሌዳ ላይም በትዕግሥት ያያይዘዋል። ከሩቅ ሲታይ ከተራራ ላይ የሚታይ የእርሻ ማሳ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉት የሞተ ማሽን አንጀት ሆኖ ይገኛል። ከዚህ ምን እንማራለን? ዕቃ የለንም ብለን የምንቀመጥበት ምክንያት እምብዛም እንደሌለ ነው።

ለ/ የዋርካው ማማ። አርቱሮ ቪቶሪ የተባለ የኢጣሊያ አርክቴክት ኢትዮጵያን ጎብኝቶ፣ ሴቶችና ልጆች ውኃ ለመቅዳት የሚሄዱትን ርቀት ከተመለከተ በኋላ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ2012 ቬኒስ ከተማ ለትርኢት አሳየ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በጋሞ ደጋ ዶርዜ ላይ ለሙከራ አቆመው። 10 ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ ከቀርከሃ የተገጣጠመ፣ በውስጡ መረብ የተወጠረበት ማማ ነው። መረቡ የጉምን፣ የጤዛንና የዝናብን ውኃ ይዞ ወደ ታች ያንጠባጥባል። በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ለማግኘት ታስቦ የተነደፈ ነው። ከሥሩ ደግሞ ሰው የሚሰበሰብበት ጥላ ተደርጎለታል።

ስሙን «ዋርካ» ማለቱ አለምክንያት አይደለም። ዋርካ በአገራችን ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ጉባኤ የሚካሄድበት፣ ልጅ ፊደል የሚቆጥርበት ዛፍ ነው። የዶርዜ ሰዎችም በሽመናና በቀርከሃ ቤት አሠራር የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ማማው አካባቢው በሚያውቀው ቁሳቁስና በአካባቢው እጅ ሊሠራና ሊጠገን እንዲችል ታስቦ ተሠራ። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ለራሳችን እናንሣ። እኛ በጮቄ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ጉም ምን እንደሆነ ከማንም በላይ እናውቃለን፤ ቀርከሃም በጎጃም ደጋ ብርቅ አይደለም። ታዲያ ስለ ጤዛና ስለ ጉም ስናስተምር ቃሉን ሰሌዳ ላይ ጽፈን ከማስገልበጥ አልፈን አንድ ክንድ መረብ በሌሊት ወጥረን፣ በማለዳ ስንት ጠብታ እንደያዘ ከተማሪዎቻችን ጋር ቆጥረን እናውቃለን?

3. ከመምህርነት የተነሣ አንድ የውጭ አገር ምሳሌ

ፍራንክ ኦፐንሃይመር አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 በፖለቲካ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ሥራው ተወግዶ ኮሎራዶ በሚባለው ክፍለ ግዛት ለዓመታት ከብት ሲያረባ ኖረ። ኋላም በዚያው ፓጎሳ ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። የሠለጠነ ቤተ ሙከራ አልነበረውም። ምን አደረገ? ተማሪዎቹን ይዞ የተጣለ ዕቃ ወደሚከማችበት ቦታ እየሄደ፣ ከአሮጌ ማሽን በተፈታ ዕቃ የኃይልን፣ የሙቀትንና የኤሌክትሪክን ሕግ አስተማረ።

ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ውስጥ ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለውን ሙዚየም መሠረተ። በዚያ ቤት ውስጥ ጎብኚው ራሱ ካልጎተተ፣ ካላዞረ፣ ካልነፋ ምንም አያይም። ሠዓሊዎችም ከሳይንስ ሰዎች ጎን ተቀጥረው ይሠራሉ። ከሁሉ በላይ እኛን የሚመለከተን ግን ሌላ ነገር ነው። ሙዚየሙ የሥራዎቹን አሠራር ደብቆ አልያዘም፤ ሌሎች እንዲሠሩት ልክ እንደ ወጥ አሠራር በመጽሐፍ አሳተመው። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮም ለሳይንስ መምህራን ሥልጠና ይሰጣል። ከገጠር ክፍል የተነሣ ዘዴ ለዓለም ተረፈ ማለት ነው።

4. እኛ ምን እንሥራ? የጥላ ሰዓት በትምህርት ቤት ግቢ

እስካሁን ካየናቸው ሥራዎች ሁሉ ለእኛ አቅም የሚቀርበው በፀሐይ የሚሠራው ነው። ፀሐይ ክፍያ አትጠይቅም፤ መብራት ሲጠፋም አትቋረጥም። ደግሞም አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በሜዳ ላይ ቆመው የራሳቸውን ጥላ በጫማ እየለኩ ሰዓት ይለዩ ነበር።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ እንጨት (2 ሜትር ተኩል)፣ 2 ሜትር ገመድ፣ በክር የታሰረ ጠጠር፣ የእጅ ሰዓት ወይም ስልክ፣ አመድ ወይም ኖራ፣ ድንጋዮች፣ ቀይና ነጭ አፈር ለቀለም።

አሠራር፦

አንደኛ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሕንፃም ሆነ የዛፍ ጥላ የማያርፍበት ደልዳላ ቦታ ይመረጥ። ከእንጨቱ ዙሪያ 4 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ቢቻል ለበሩ ቅርብ ይሁን፤ ገበያተኛውም ወላጁም እንዲያየውና እንዲጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ግማሽ ሜትር ተቆፍሮ እንጨቱ ይተከል። ከመሬት በላይ ልክ 2 ሜትር ይቁም። ቀጥ ማለቱ በሁለት በኩል በክሩና በጠጠሩ ይረጋገጥ።

ሦስተኛ፣ ሰሜን ይፈለግ። ገመዱን ከእንጨቱ ግርጌ አስሮ በአመድ ክብ ማስመር ነው። ጠዋት የጥላው ጫፍ ክቡን የሚነካበት ቦታ ላይ ምልክት ይደረግ፤ ከሰዓት በኋላም ጥላው ረዝሞ እንደገና ክቡን ሲነካ እንዲሁ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት እኩል ይከፈል። ከእንጨቱ ግርጌ በእኩሌታው ላይ የሚያልፈው መስመር ሰሜንንና ደቡብን ያሳያል። ኮምፓስ አላስፈለገንም!

አራተኛ፣ ከ3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ በየሰዓቱ አንድ ተማሪ የጥላው ጫፍ ላይ አንድ ድንጋይ ያስቀምጥ። ሰባት ድንጋይ ይሆናል። ሰዓቱን በቀለም የሚጽፍበት ያው ያስቀመጠው ተማሪ ነው።

አምስተኛ፣ ይኸው ሥራ በየወሩ አንድ ቀን ይደገም፤ የየወሩ ድንጋይ ቀለሙ ይለያይ። የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ግቢው ላይ ፀሐይ ራሷ የነደፈችው፣ የተማሪዎች እጅ ያቀለመው ትልቅ ሥዕል ይገኛል። ሥነ ጥበቡና ቴክኒኩ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

5. ከሥራው የሚወጣው ትምህርት

ለጂኦግራፊ፦ በአውሮፓ የተዘጋጁ አንዳንድ መጻሕፍት የእኩለ ቀን ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል ይላሉ። ለእነርሱ ልክ ነው። ለእኛ ግን አይደለም። ጉንደ ወይን በ11ኛው ዲግሪ የሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ላይ ታልፋለች፤ ይኸውም ሚያዝያ 11 እና ነሐሴ 18 ገደማ ነው። ነሐሴ ክረምትና ዕረፍት ስለሆነ ሚያዝያን እንጠብቅ። በዚያን ቀን እኩለ ቀን ላይ የእንጨታችን ጥላ ከግርጌው ይጠፋል። ታኅሣሥ 13 ገደማ 1 ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ሰኔ 14 ገደማ ደግሞ 44 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ደቡብ ይዞራል። ተማሪው ይህን በራሱ ድንጋይ ካየ ማንም መጽሐፍ አያሳስተውም።

ስለ ሰዓት፦ ጥላው ልክ በሰሜንና ደቡብ መስመር ላይ ሲያርፍ እኩለ ቀን ነው። የእጅ ሰዓታችን ግን 6 ሰዓት አይልም፤ በአማካይ 6 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ይላል። እንዴት ሆኖ? ሰዓቱ ተበላሽቶ አይደለም። የአገራችን ሰዓት የሚለካው በ45ኛው ዲግሪ የምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። እኛ ያለነው በ38ኛው ዲግሪ አካባቢ ነው። መሬት አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ 7 በ4 ሲባዛ 28 ይሆናል። ከዚህም ሌላ የመሬት ምሕዋር ፍጹም ክብ ባለመሆኑና መሬትም ዘንበል ብላ ስለምትዞር ልዩነቱ ከወር ወር ይለዋወጣል፤ በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ወደ 12 ደቂቃ ዝቅ ይላል፣ በየካቲት መጀመሪያ ወደ 42 ደቂቃ ከፍ ይላል።

ለሒሳብ፦ ቁመቱ 1 ሜትር ከ40 የሆነ ተማሪ ጥላው 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ቁመቱ የጥላው እጥፍ ነው። በዚያችው ደቂቃ የአንድ ባሕር ዛፍ ጥላ 8 ሜትር ቢለካ ዛፉ 16 ሜትር ነው። ዛፉ ላይ የወጣ የለም፤ ግን ተለካ። ንጽጽር የሚባለው ትምህርት ይኸው ነው።

6. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎችና ጥንቃቄዎች

«ስልሳ ተማሪ ይዤ እንዴት ሜዳ እወጣለሁ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ስልሳውም በአንድ ጊዜ ከወጡ ግርግር ይሆናል። ነገር ግን የጥላ ሰዓት በየሰዓቱ የሚፈልገው አምስት ተማሪ ለአምስት ደቂቃ ነው። አምስቱ ወጥተው ያዩትን ለቀሩት ያስረዳሉ፤ በሚቀጥለው ሰዓት ሌሎች አምስት ይወጣሉ። «ከብት ይገባበታል፣ ልጆች ድንጋዩን ያነሡታል» የሚልም አይጠፋም። ለከብቱ አጥር ይሠራል። ለልጆቹ ግን አጥር መድኃኒት አይሆንም። ድንጋዩን ራሱ ያስቀመጠ ልጅ ጠባቂ ይሆናል እንጂ አያነሣውም። ቢነሣስ? የት እንደነበረ ራሳቸው ፈልገው ይመልሱት፤ ይህም ትምህርት ነው።

ጥንቃቄን በተመለከተ ሦስት ነገሮች እናሳስባለን። አንደኛ፣ ተማሪ በምንም ምክንያት ፀሐይን በዓይኑ ትክ ብሎ እንዳያይ፤ የምናየው ጥላዋን ነው። ሁለተኛ፣ እንደ ኤልያስ ስሜ በአሮጌ የኤሌክትሪክ ዕቃ ለመሥራት የፈለገ ሰው ባትሪ ድንጋይ አይፈልጥ፣ የስልክ ባትሪ አይውጋ፣ የአሮጌ ቴሌቪዥን መስታወት አይስበር፣ መዳብ ለማውጣት ሽቦ አያቃጥል፤ መርዝና ጭስ አለው። ሦስተኛ፣ ከግድግዳ መብራት ጋር የሚገናኝ ሙከራ ለተማሪ አይሰጥ።

ማጠቃለያ

ያየናቸው ሥራዎች በሀብትና በስፋት አይገናኙም፤ አንዱ በኒውዮርክ አዳራሽ የተሠራ ነው፣ ሌላው በዶርዜ ቀርከሃ። የሚያመሳስላቸው ሰው ሲሳተፍባቸው መልስ መስጠታቸው ነው። መልስ የሚሰጥ ዕቃ ጥያቄን ይወልዳል፤ ጥያቄ ያለው ተማሪ ደግሞ ከመምህሩ አፍ ብቻ አይጠብቅም። ስለዚህ የመርጃ መሣሪያ ስናዘጋጅ «ያምራል ወይ?» ከማለታችን በፊት «ተማሪው ሲነካው ምን ይመልስለታል?» ብለን እንጠይቅ። ለተግባር ልምምድ ስንወጣም የክፍሉን ቁልፍ ከማስመለስ እንጀምር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በተማርንበት ትምህርት ቤት ከነበሩት መርጃ መሣሪያዎች መካከል ተማሪ እንዲነካቸው የተፈቀዱት የትኞቹ ነበሩ? ያልተፈቀዱትስ ለምን?
2. የጥላ ሰዓቱ ከሰሜንና ደቡብ መስመር በስተምዕራብ የሚያርፉት ድንጋዮች የጠዋት ናቸው ወይስ የከሰዓት በኋላ? ለምን?
3. በሰኔ የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ደቡብ የሚዞርበትን ምክንያት ለአራተኛ ክፍል ተማሪ በሉልና በአንድ ክብሪት እንጨት እንዴት እናስረዳለን?
4. በአካባቢያችን ከሚገኘው ጭቃ፣ ቀርከሃ፣ ድንጋይና የተጣለ ዕቃ ሲነካ መልስ የሚሰጥ አንድ መርጃ መሣሪያ ንደፉ። ንድፉን ከነአሠራሩ ጻፉና ከዚህ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ሌላው አንብቦ እንዲሠራው።